ስቲቭ ብላ የፈረመችው ሴት

ሐምሌ 1939፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ከቪየና የተነሳ አንድ ባቡር ወደ ምዕራብ ይገሰግሳል። ተሳፋሪዎቹ ሺህ ያህል ልጆች ናቸው። እያንዳንዳቸው አንገት ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተንጠልጥሏል፤ በፖስታ የተላከ ዕቃ እንጂ ሰው አይመስሉም። ከመካከላቸው አንዷ የአምስት ዓመቷ ቬራ ቡክታል ናት። አብራት የምትጓዘው እህቷ ሬናቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሁለት ቀን ተኩል ተጉዘው ለንደን፣ ሊቨርፑል ስትሪት ባቡር ጣቢያ ሲደርሱ ዓይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች ተቀበሏቸው።

የቬራ አባት በጀርመን ዶርትሙንድ ከተማ ዳኛ ነበሩ። አይሁዳዊ በመሆናቸው ናዚዎች ከወንበራቸው አባረሯቸው፤ ቤተሰቡም ሲንከራተት ቆይቶ ወደ እናቷ ከተማ ወደ ቪየና ገባ። ኦስትሪያም በናዚ እጅ ስትወድቅ መድረሻ ጠፋ። ብሪታንያ ከ1938 መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ እስኪፈነዳ ድረስ ከናዚ ግዛት ያለ ወላጅ የሚመጡ 10,000 ያህል ሕፃናትን ተቀብላለች። ብዙዎቹ እናትና አባታቸውን ዳግም አላዩም። የቬራ ወላጆች ግን ከሞት ተርፈዋል፤ ሆኖም ባቡሩ የቆረጠው ፍቅር ተመልሶ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

አሳዳጊዎቿ በመካከለኛው እንግሊዝ፣ በሰተን ኮልድፊልድ የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። አጎቴ፣ አክስቴ እያለች አደገች። ካደገች በኋላ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ ከሞት አፍ የወጣች ልጅ መሆኗ ከልቧ ወጥቶ አያውቅም። ሌሎች ሳይተርፉ እሷ የተረፈችው በከንቱ እንዳይሆን፣ ቀኗን ሁሉ በሚረባ ሥራ መሙላት እንዳለባት ለራሷ ነገረች። ይህን ስሜት ልብ ማለት ይገባል፤ ቀጥሎ በሚመጣው ታሪክ ውስጥ ሁሉ አለ።

ወጣቷ ሒሳብ ትወድ ነበር። ችግሩ፣ በኦስዌስትሪ የምትማርበት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሚመጥናትን ሒሳብ አያስተምርም። ፈቃድ ተጠይቆላት በከተማው የወንዶች ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ነገር ሲነሳም፣ ለሴት ልጅ ክፍት የሆነው ሳይንስ የዕጽዋት ጥናት ብቻ ነው ተባለች። እሷ ደግሞ የምትፈልገው ቁጥር ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን ትታ ሥራ ፍለጋ ወጣች።

በ18 ዓመቷ የብሪታንያ ዜግነት አገኘች፤ ስሟንም ስቴፋኒ ብሩክ ብላ ለወጠች። በዚያው ሰሞን፣ በ1951፣ በሰሜን ምዕራብ ለንደን ዶሊስ ሂል በተባለ ሰፈር በሚገኘው የፖስታ መሥሪያ ቤት የምርምር ጣቢያ ተቀጠረች። ፖስታ ቤት ሲባል ቴምብርና ደብዳቤ ብቻ ትዝ የሚለን ከሆነ፣ የዚያን ጊዜው የብሪታንያ ፖስታ ቤት የአገሪቱን የስልክ አገልግሎት የሚያስተዳድር ትልቅ የቴክኒክ ተቋም ነበር። ስቴፋኒ ቀን ቀን ትሠራለች፣ ማታ ማታ ሒሳብ ትማራለች። ለዓመታት እንዲህ ደክማ በ1956 ዲግሪዋን ያዘች።

ዶሊስ ሂል አንድ ትልቅ ምስጢር የታቀፈ ቦታ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ መሐንዲሱ ቶሚ ፍላወርስ ከባልደረቦቹ ጋር ኮሎሰስ የተባለውን የኤሌክትሮኒክስ ማሽን የሠራው እዚያ ነው። ኮሎሰስ በ1944 መጀመሪያ ብሌችሊ ፓርክ በተባለው የምስጢር መልእክት መፍቻ ማዕከል ተተክሎ፣ የጀርመን ጦር አዛዦች የሚላላኩበትን የተመሰጠረ መልእክት ለመፍታት አገለገለ። ማሽኑን ቀን ከሌሊት እየተፈራረቁ ያሠሩት የባሕር ኃይሉ የሴቶች ክፍል አባላት ናቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ አሥር ኮሎሰሶች ነበሩ፤ ሴቶቹም ከ270 በላይ ደርሰው ነበር። ከድሉ በኋላ አብዛኞቹ ማሽኖች ፈራረሱ። ሴቶቹ ምስጢር ለመጠበቅ ፈርመው ወደየቤታቸው ተሸኙ፤ ለባላቸውም ለልጃቸውም ትንፍሽ ሳይሉ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሩ። በመሆኑም ወጣቷ ስቴፋኒ ከፍላወርስ ጋር በአንድ ጣቢያ ስትሠራ፣ ሰውየው ምን እንደሠራ አታውቅም። ከእሷ በፊት በዚያ መንገድ ያለፉ ሴቶች እንዳሉም አታውቅም።

ከእሷ ጋር በአንድ ዘመን የሚሠሩም ነበሩ። በማንቸስተር፣ በፌራንቲ ኩባንያ፣ ሜሪ ሊ ዉድስ የተባለች የሒሳብ ባለሙያ በዓለም የመጀመሪያዎቹ ከሆኑት የገበያ ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ፕሮግራም ትጽፍ ነበር። ሴቶቹ ፕሮግራመሮች አንድ ቀን ከወንዶቹ ያነሰ ደመወዝ እንደሚከፈላቸው አወቁ። ሜሪ ሊ ጉዳዩን ይዛ ኃላፊዎቹ ፊት ቀረበች፤ ተከራከረችና እኩል ክፍያ አስፈቀደች። ልጆች ስትወልድ ደግሞ ከቤት ሆና ፕሮግራም መጻፍ ጀመረች። የበኩር ልጇ ቲም በርነርስ ሊ፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን ድር (ዌብ) የፈለሰፈው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ የእሷ ስም የሚነሳው በልጇ በኩል መሆኑ ያሳዝናል፤ በራሷ ስም መጠራት የሚገባት ሴት ነች።

የሜሪ ሊ ድል ግን የአንድ ኩባንያ ድል ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገባች ሴት ሥራዋን እንድትለቅ የሚያስገድደው ደንብ በ1946 ቢሻርም፣ ልማዱ ገና ጉልበቱ አልደከመም። በ1955 መንግሥት ለሴትና ለወንድ ሠራተኞቹ እኩል ደመወዝ ደረጃ በደረጃ ለመክፈል ወሰነ። የስሌት ማሽን ላይ የሚሠሩት ሴቶች ግን ከዚህ ተለዩ። ምክንያቱን ስሙት፦ በዚያ የሥራ መደብ ያሉት ሁሉም ማለት ይቻላል ሴቶች ስለሆኑ፣ ደመወዛቸው የሚነጻጸርበት ወንድ የለም ተባለ። ሥራው የሴት ከተባለ ርካሽ ይሆናል። ኋላ፣ ኮምፒውተር የሥልጣን መሣሪያ መሆኑ ሲታወቅ፣ ወንዶች ለቦታው ይታጩ ጀመር፤ ለዓመታት ሥራውን የሠሩት ሴቶችም ከበላያቸው የሚሾሙ ወንድ አለቆቻቸውን እንዲያሠለጥኑ ይታዘዙ ነበር።

ስቴፋኒ በዶሊስ ሂል ከተሳተፈችባቸው ሥራዎች አንዱ ኤርኒ ነው። ኤርኒ ከ1957 ጀምሮ የመንግሥት የቁጠባ ቦንድ ባለ ዕድሎችን የሚያወጣ ማሽን ነው። የሚያወጣቸው ቁጥሮች በእርግጥ ዕድል ብቻ የሚወስናቸው መሆናቸው መረጋገጥ ነበረበት፤ ሕዝቡ ገንዘቡን ያስቀመጠው ማሽኑ አያዳላም ብሎ ነውና። ቁጥሮቹን በስሌት ከፈተሹት ባለሙያዎች አንዷ እሷ ነበረች። ሥራው ተወደደላት። ወደላይ መውጣት ስትጀምር ግን ፊት ተነሳች። እሷ እንደተናገረችው፣ ወጣት ረዳት ሳለች የሚያበረታቷት ወንዶች፣ እኩያቸው ልትሆን ስትቃረብ ተለወጡ።

በ1959 የጣቢያው የፊዚክስ ባለሙያ የሆነውን ዴሪክ ሸርሊን አገባች፤ ከዚያም ወደ አንድ አነስተኛ የኮምፒውተር ኩባንያ ተዛወረች። እዚያ ብዙ ተማረች። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ ከቴክኒኩ ወጣ ያለ የንግድ ሐሳብ ብታነሳ፣ አንቺ የቴክኒክ ሰው ነሽ፣ ይህ አያገባሽም ተባለች። ብዙም አልቆየችም፣ ለቀቀች።

በ1962፣ በ29 ዓመቷ አካባቢ፣ ከራሷ ኪስ 6 ፓውንድ አውጥታ በመኖሪያ ቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ኩባንያ መሠረተች። ስሙ ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ ነው። ሶፍትዌር ለብቻው ይሸጣል ስትል የሰሙ ሰዎች ሳቁ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የገዛ ድርጅት ፕሮግራሙን በምርቃት ነበር የሚያገኘው፤ በምርቃት የሚሰጥን ነገር ማን ይገዛል? ያውም ከሴት! እርግጥ ነው፣ የመጀመሪያዋ እሷ አይደለችም። ዲና ሴንት ጆንስተን የምትባል ፕሮግራመር በ1959 የብሪታንያን የመጀመሪያ ነጻ የሶፍትዌር ኩባንያ አቋቁማ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ስሟን አለማወቁ የእሷ ጥፋት አይደለም። ስቴፋኒ የጨመረችው አዲስ ነገር የምትቀጥራቸው ሰዎች ማንነት ነው።

አስቡት። ብሪታንያ ውስጥ ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሰው እንደ ወርቅ ይፈለጋል። በሌላ በኩል ሥራውን በደንብ የሚያውቁ፣ ዓመታት የሠሩበት ሴቶች፣ ስላገቡ ወይም ስለወለዱ ብቻ ቤት ተቀምጠዋል። አሠሪው ሰው አጣሁ ይላል፤ ባለሙያዋ ደግሞ በየጓዳው ዳይፐር ታጥባለች። ስቴፋኒ ይህን አየች፤ ያየችው ደግሞ ራሷም ከእነሱ አንዷ ስለሆነች ነው። እነዚህን ሴቶች በማስታወቂያ ጠራች። ቤታችሁ ሆናችሁ፣ በምትችሉት ሰዓት፣ ሥራ አለ አለቻቸው።

ሥራውን ማግኘት ግን ሌላ ዳገት ነበር። ለኩባንያ ኃላፊዎች በትጋት ደብዳቤ ትጽፋለች። ምን እንደምትሠራ፣ ምን እንደምታተርፍላቸው በዝርዝር ታስረዳለች። ግርጌው ላይ ስቴፋኒ ሸርሊ ብላ ትፈርማለች። መልስ የለም። ደጋግማ ላከች፤ ዝም። ባሏ ዴሪክ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ለምን በቤት ስምሽ አትፈርሚም? ስቲቭ ተብላ፣ በወንድ ስም፣ ትጠራ ነበርና፣ ያንኑ ደብዳቤ ስቲቭ ሸርሊ ብላ ፈርማ ላከችው። መልስ መምጣት ጀመረ። የቀጠሮው ቀን ኃላፊው ቢሮ ስትገባ፣ ስቲቭ የተባለው ሰው ሴት መሆኑ የሚታወቀው በሩን አልፋ እጅ ከጨበጠች በኋላ ነው። ስሙ ከዚያ ወዲህ አልለቀቃትም።

በ1963 ልጇ ጃይልስ ተወለደ። አሁን በአንድ ቤት ውስጥ ሕፃንና ኩባንያ አብረው ማደግ ጀመሩ። ደንበኛ ሲደውል ሕፃኑ ያለቅሳል። ደንበኛው የሚያናግረው የቤት እመቤት እንደሆነች ካወቀ ደግሞ ውሉ ጠፋ ማለት ነው። እናም ስቲቭ የታይፕ ድምፅ በቴፕ ቀዳች። ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ ቴፑን ትከፍታለች፤ ከዚያ ስልኩን ታነሳለች። በሽቦው ማዶ ያለው ሰው የሚሰማው ጸሐፊዎች ጠብ እርግፍ የሚሉበት ሥራ የበዛበት ቢሮ ነው። ቢሮው ግን የለም፤ ያለው የምግብ ጠረጴዛ፣ የሕፃን አልጋና አንዲት ሴት ናት።

ለመቀጠር የሚመጡ ሴቶች ከሚጠየቋቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ስልክ ታገኛለሽ ወይ የሚል ነበር። በ1960ዎቹ ብሪታንያ ውስጥ በየቤቱ ስልክ አልነበረምና ጥያቄው ቀላል አይደለም። ኮምፒውተር ግን አይጠየቅም። በቤቷ ኮምፒውተር ያላት ሴት የለችማ! የዚያ ዘመን ኮምፒውተር አንድ ሰፊ ክፍል የሚሞላ፣ በትልቅ ድርጅት እንጂ በሰው ቤት የማይታሰብ ማሽን ነው።

ታዲያ ያለ ኮምፒውተር ፕሮግራም እንዴት ይጻፋል? በወረቀትና በእርሳስ። ፕሮግራመሯ ልጆቿን አስተኝታ፣ ከራት የተረፈውን ሳህን ገፋ አድርጋ፣ ሰፊ ወረቀት ትዘረጋለች። መጀመሪያ ሥራው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በሳጥንና በቀስት ትስለዋለች፤ ይህ ከሆነ ወደዚህ፣ ካልሆነ ወደዚያ እያለች። ከዚያ ትእዛዙን ማሽኑ በሚገባው ቋንቋ፣ አንዳንዴም በዜሮና በአንድ ብቻ፣ መስመር በመስመር ትጽፋለች። የተጻፈው ወረቀት በፖስታ ታሽጎ ወደ ስሌት ማዕከል ይላካል። እዚያ ያሉ ሠራተኞች እያንዳንዱን ምልክት በካርድ ወይም በወረቀት ጥቅልል ላይ በቀዳዳ ይበሱታል፤ ስህተት እንዳይኖር ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይበሱና ሁለቱን ያመሳክራሉ። ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዲት ነጥብ ብትሳሳት የምታውቀው ቀናት አልፈው ፖስታ ሲመጣ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ የምትተርፈው ስህተቷን ገና ወረቀት ላይ ሳለ የምትይዝ ሴት ናት፤ እነዚህ ሴቶች ደግሞ በዚህ ጥንቁቅነት ተካኑ።

ከ1966 የተረፈ አንድ ፎቶግራፍ አለ። አን ሞፋት የተባለች ፕሮግራመር በኩሽናዋ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች፤ አጠገቧ ሕፃን ልጇ አለች። የምትሠራው ለኮንኮርድ ነው። ኮንኮርድ ብሪታንያና ፈረንሳይ በጋራ የሠሩት፣ ከድምፅ ፍጥነት በላይ የሚበርረው የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። የበረራውን መረጃ የሚመዘግበው ብላክ ቦክስ ለሚያከማቸው ነገር የሚያስፈልገውን ፕሮግራም የጻፉት፣ በየቤታቸው የተቀመጡ 30 ያህል ሴቶች ናቸው። አስተባባሪያቸው አን ሞፋት ነበረች። አውሮፕላኑን የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ያደነቁት ነበር፤ ከመረጃ ሳጥኑ በስተጀርባ ገንፎ የሚያማስሉ እጆች እንዳሉ የገመተ አልነበረም።

እንዲህ ተበታትነው የሚሠሩ ሰዎችን ማን ይቆጣጠራል? ብዙ አለቆች ሠራተኛው ዓይናቸው ሥር ካልተቀመጠ ሠራ አይሉም። ስቲቭ ይህን ትታ በሠራተኞቿ ተማመነች። ከሥራ ገበታ የገባሽው ስንት ሰዓት ነው ብላ አትጠይቅም፤ ሥራው በቀኑ ደረሰ ወይ፣ በትክክል ሠራ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ለዚህ ደግሞ ጥብቅ የጥራት ደንቦች ተጻፉ፤ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ሳትቸገር እንድትቀጥል ሥራው ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ ይመዘገባል። ልጅ ታሞባት የተቋረጠባት ሴት ሥራ ለጓደኛዋ የሚተላለፈው በዚህ ነው። እነዚሁ ደንቦች ኋላ የኔቶ መመዘኛ ለመሆን በቅተዋል። ለደንበኛውም ዋጋ አስቀድሞ ይቆረጥለታል፤ ከዚያ በላይ ቢፈጅ ኪሳራው የኩባንያው ነው። ይህም በጊዜው ያልተለመደ ድፍረት ነበር። የብሪታንያ ባቡሮች ጭነት የሚያመላልሱበት መርሐ ግብር፣ የአውቶቡስ የጊዜ ሰሌዳ፣ የመጋዘን ቆጠራ፣ ሁሉም በእነዚህ ሴቶች እጅ አለፈ።

ጎዶሎም አልጠፋም። ሴቶቹ የሚከፈላቸው በሠሩት ልክ ስለሆነ፣ ሥራ ሲጠፋ ገቢም ይጠፋል። የቤቱ ሥራ ደግሞ አልቀነሰላቸውም፤ ፕሮግራሙ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ሌላው ሰው በሚያርፍበት ሰዓት ነው። ነገር ግን የተሰጣቸው ምርጫ ይህ ወይም ምንም ነበር። ይዘውት አደጉ፤ ኩባንያውንም አሳደጉት። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ናቸው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ኩባንያው ሊወድቅ ተቃረበ። ቤት ውስጥ ደግሞ የባሰ ነበር። ጃይልስ ቀደም ሲል፣ ሁለት ዓመት አልፎት ሳለ፣ የሚያውቃቸውን ቃላት አጥቶ ነበር፤ ከባድ ኦቲዝም እንዳለበትም ታወቀ። በዚያ ዘመን ስለ ኦቲዝም የሚያውቅ ሐኪም ጥቂት ነው፤ የሚረዳ ተቋም ከዚያም ያነሰ። ልጁ እያደገ፣ ጉልበቱ እየጠነከረ፣ የሚጥል በሽታም ተጨምሮበት፣ ሁለቱ ወላጆች ሊይዙት የማይችሉበት ደረጃ ደረሱ። በ1976 ስቲቭ ራሷ ታምማ ወደቀች፤ የ13 ዓመቱ ጃይልስም ሆስፒታል ገባ። በሥራ ቦታ ፈገግ ብላ ውል የምትፈራረመው ሴት ማታ ወደ ምን ዓይነት ቤት እንደምትመለስ ያወቁ ብዙ አልነበሩም። እናቶችን በሰዓታቸው የምታሠራ ኩባንያ በመሥራቷ ሌሎች ሴቶች ተጠቀሙ እንላለን፤ ከሁሉ በላይ እንዲህ ያለ ሥራ ያስፈለጋት ግን እሷው ሳትሆን አትቀርም።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1975፣ የብሪታንያ ፓርላማ በጾታ ማዳላትን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሴቶችን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ሴቶችን እየመረጠ የሚቀጥረውን ኩባንያ ሕገ ወጥ አደረገው! ስቲቭ ደንቡን አስተካከለች፤ ከዚያ በኋላ በሯን ለወንዶችም በሰፊው ከፈተች። ሥራውን ከቤት መሥራት የሚፈልግ ወንድ ካለ እንኳን ደህና መጣ ተባለ።

ኩባንያው ስሙን እየለዋወጠ፣ ኤፍ ኢንተርናሽናል፣ ኋላም ኤፍ አይ ግሩፕ እየተባለ ሰፋ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሂላሪ ክሮፐር የተባለች ሌላ ብርቱ ሴት መጥታ መሪነቱን ተረከበች። ስቲቭ በበኩሏ አንድ ሐሳብ ይዛ ለዓመታት ስትገፋ ቆየች፤ ኩባንያው የሠሩት ሰዎች መሆን አለበት የሚል። ጠበቃና ሒሳብ አዋቂ እያማከረች፣ ከራሷ ድርሻ እየቆረሰች፣ የኩባንያውን ሩብ ያህል ለሠራተኞቹ አስተላለፈች፤ ከእሷ በቀር ማንም አልከፈለበትም። በ1993፣ በ60 ዓመቷ፣ ጡረታ ወጣች። በ1996 ኩባንያው በለንደን የአክሲዮን ገበያ ሲገባ፣ በ6 ፓውንድ የተጀመረው ነገር ከሠራተኞቹ 70ዎቹን ሚሊየነር አደረገ። አንዲት ሴት ከሃያ ዓመት በፊት ልጅ አስተኝታ የጻፈችው መስመር እንዲህ ተከፈላት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን፣ ከኩባንያው ውጭ ያለው ዓለም ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። ኮምፒውተር በ1980ዎቹ መኖሪያ ቤት ሲገባ፣ ማስታወቂያው የወንድ ልጅ መጫወቻ አደረገው። በአሜሪካ በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ከሚይዙት ውስጥ የሴቶች ድርሻ በ1984 ገደማ 37 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወርዶ ወርዶ ወደ 18 በመቶ ተጠጋ። በብሪታንያም የፕሮግራመር መልክ ወንድ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሴቶች የነበሩ መሆናቸው እንኳ ተረሳ።

ከረሱት መሐል መቀመጥ ያልፈለገች አንዲት ሴት ሱ ብላክ ናት። በ16 ዓመቷ ከቤት ወጥታ፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ የሦስት ልጆች እናት ሆና፣ ልጆቿን ብቻዋን እያሳደገች ዩኒቨርሲቲ የገባች የኮምፒውተር ተመራማሪ ናት። በ2001 በብሪታንያ የኮምፒውተር ማኅበር ውስጥ የሴቶች ቡድን አቋቋመች። ስቲቭ ሸርሊ የዚያው ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆና ካገለገለች አሥር ዓመት አልፎ ነበር። ሱ ብላክ ብሌችሊ ፓርክን ስትጎበኝ፣ በጦርነቱ ጊዜ እዚያ ከሠሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች እንደነበሩ ተረዳች። ቦታው ግን ጣሪያው ያፈሳል፣ ቤቶቹ እየበሰበሱ ነው። በ2008 ብሌችሊ ፓርክን ለማዳን የአደባባይ ዘመቻ ጀመረች፤ ብዙ ባለሙያዎች ተከተሏት፤ ገንዘብ ተገኝቶ ቦታው ታደሰ። ዛሬ ብሌችሊ የሚሄድ ጎብኚ እንደገና የተሠራውን ኮሎሰስ የወረቀት ጥቅልሉን በፍጥነት ሲያሽከረክር ማየት ይችላል።

የስቲቭ ልጅ ጃይልስ በ1998፣ በ35 ዓመቱ አረፈ። እሱን ለመርዳት ብላ ያቋቋመችው የኦቲዝም ድርጅት ግን ሌሎችን እያኖረ ቀጠለ። በዓመቱ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ፕራይርስ ኮርት የተባለ ትምህርት ቤት ከፈተች። ከአክሲዮኗ ያገኘችውን ሀብት በሙሉ ልብ ሰጠችው፤ ወደ 70 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ለኦቲዝምና ለኮምፒውተር ሥራዎች አከፋፈለች፤ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኢንተርኔትን የሚያጠናውን ተቋም ለመመሥረትም ከፍተኛ ገንዘብ አወጣች። ሥዕሎቿን እንኳ አላስቀረችም፤ ከፊሎቹ በዚያ ትምህርት ቤት ግድግዳዎች ላይ ተሰቅለዋል። የበጎ አድራጎት ድርጅቷ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ጨርሶ በ2018 ተዘጋ።

በመጋቢት 2020 ኮሮና የብሪታንያን ቢሮዎች ሲዘጋ፣ ሚሊዮኖች በየቤታቸው ከምግብ ጠረጴዛ ላይ ሥራ ጀመሩ። ሕፃን በስልክ ውይይት መሐል አለቀሰ፤ ማንም የታይፕ ቴፕ አልከፈተም። ስቲቭ ሸርሊ ያኔ 86 ዓመቷ ነበር።

በነሐሴ 2025፣ በ91 ዓመቷ አረፈች። ጋዜጦች ዜና ዕረፍቷን ሲያወጡ፣ ባሏ ለደብዳቤ ፊርማ የጠቆማትን ስም ከመጠሪያዋ መካከል አስገብተው፣ ከክብር ማዕረጓ ጋር ዴም ስቴፋኒ «ስቲቭ» ሸርሊ ብለው ጻፉ።